የጠዋት አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ንጹህ ነው ያለው ግን ማነው?

የአንባቢያን ጥያቄ፦ ስፖርትና ጤና

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁሌ እከታተላለሁ። የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በሳምንት አራት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ሶምሶማ እሮጣለሁ። በቅርቡ ባለቤቴ ስልኬ ላይ የአየር ጥራት የሚያሳይ አፕ ጫነልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም። እኔ በምወጣበት ሰዓት ቁጥሩ 140 ይላል፤ አንዳንዴ 155 ይደርሳል። ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ እኔ ቢሮ ተቀምጬ፣ 60 ይሆናል። ይባስ ብሎ የባለቤቴ ስልክ የሚያሳየው ቁጥር ሌላ ነው። እሱ "ተይው፣ እቤትሽ ሆነሽ ገመድ ዝለይ" ይለኛል። እናቴ ደግሞ 68 ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። ቅዳሜና እሁድ አብራኝ ትራመዳለች። "የጠዋት አየር መድኃኒት ነው" ብላ ድርቅ ትላለች። ማናችን ነን ልክ? ሩጫውን ልተወው? ሰዓት ልቀይር? ማታ ላይስ ቢሆን?

የንጋት ሯጭ ነኝ

የንጋት ሯጭ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም መጣ፣ እፍረቴም መጣ። ያሳቁኝ እናትሽ ናቸው። ያሳፈረኝ የራሴ ነገር ነው።

እኔ 27 ዓመት የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። የሩጫ ቡድን ነበረኝ። ልጆቹን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሰብስቤ በዋናው የመኪና መንገድ ዳር አስሮጣቸው ነበር። ያንን ሰዓት የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መኪና የለም። ሁለተኛ፣ አየሩ ንጹህ ነው። የመጀመሪያው እውነት ነበር። ሁለተኛውን ማን እንደነገረኝ እስካሁን አላውቅም። እኔም ከእናቴ ሰምቼው ይሆናል።

ከልጆቹ አንዱ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሮጥ የሚያምር ልጅ ነበር። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን ሳል ይጀምረዋል። እኔ ደግሞ "ሰበብ አታብዛ፣ ቀጥል!" እለዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ውድድር ሲኖር ይኸው ልጅ አንዴም ሳይስል ይጨርሳል። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለሽ! ልብ ግን አላልኩም። በኋላ ሩጫውን ተወው። የአንድ ልጅ ሳል ማስረጃ አይሆንም። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ብቻውን የአንዳንድ ሰው ደረት ያጠብቃል። ያም ሆኖ መስማት ነበረብኝ። ነገሩ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ልጄ አንዲት ትንሽ የአየር መለኪያ ገዝታ አመጣችልኝ፤ መስኮቴ ላይ ሰቀልኳት።

መጀመሪያ የእናትሽን ነገር እንጨርስ። የጠዋት አየር ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ አየር ሲስቡት ጥርት ያለ ይመስላል፤ ሰውነት ያነቃቃል። ብርድና ንጽህና ግን አይዛመዱም።

ሌሊት መሬት ሙቀቷን ትለቃለች። በተለይ ሰማዩ ጥርት ሲልና ነፋስ ሲጠፋ። እሷ ስትቀዘቅዝ የሚነካት አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ከበላዩ ያለው አየር ግን ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ሞቃቱ አየር እንደ ድስት ክዳን ከላይ ይገጠምበታል። የመኪናው ጭስ፣ የየቤቱ ጭስ፣ አቧራው፣ ሁሉም ከክዳኑ ሥር ታፍኖ ያድራል። ንጋት ላይ ጫማሽን አስረሽ የምትገቢው እዚያ ውስጥ ነው።

ክዳኑ ሲብስበት ምን እንደሚያደርግ ለንደን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለአምስት ቀን ሳይከፈት ቆየ። የድንጋይ ከሰል ጭስ ከሥሩ ተጠራቀመ። በጊዜው የነበረው ግምት ብቻ ወደ 4,000 ሰው ሞተ ይላል። አንቺን ለማስፈራራት አይደለም የነገርኩሽ። መጠኑ ይለያያል እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

"ታዲያ እኔ የምሮጠው መኪና በሌለበት ሰዓት ነው" ትይኝ ይሆናል። እኔም እሱን ነበር የምለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ግን አፌን አዘጋኝ። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው የተሠራው። ተመራማሪዎቹ ፀሐይ ከመውጣቷ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀድመው ከአንድ ፈጣን መንገድ እየራቁ አየሩን ለኩ። በቀን እንዲህ ያለ መንገድ የሚለቀው ጭስ 300 ሜትር ያህል ከራቁት ከአካባቢው አየር ጋር ይቀላቀላል። በዚያ ሰዓት ግን ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ተገኘ። መኪናው ከቀኑ ያነሰ ነው። ጭሱ ግን የሚሄድበት የለውም።

ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቅ ክዳኑ ይከፈታል። ነፋሱም ይነሳል። ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ገደማ ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል። ክፋቱ፣ የጠዋቱ የመኪና ግርግር የሚመጣው ክዳኑ ገና ሳይከፈት ነው። ስለዚህ ብዙ ቦታ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው የቀኑ መጥፎ ሰዓት ይሆናል።

አሁን ወደ ቁጥሮችሽ። 140 እና 60 ሲታዩ ልዩነታቸው እጥፍ ብቻ ይመስላል። አይደለም። አፕሽ እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለውን የአሜሪካ መለኪያ የሚጠቀም ከሆነና ዋናው በካይ ፒኤም 2.5 ከሆነ፣ 140 ማለት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ወደ 51 ማይክሮ ግራም ደቃቅ ብናኝ አለ ማለት ነው። 60 ማለት ደግሞ ወደ 14። አራት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን 15 ነው። የእኩለ ቀኑ አየርሽ ከዚያ ሥር ነው። የንጋቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ያልፈዋል።

ፒኤም 2.5 የሚባለው ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያልበለጠ ብናኝ ነው። የራስ ፀጉርሽ ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። አፍንጫና ጉሮሮ የማይዙት፣ ሳንባ ጥልቅ ድረስ የሚገባው እሱ ነው።

ቁጭ ብለሽ ስትተነፍሺ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ታስገቢያለሽ። ጠንከር አድርገሽ ስትሮጪ 60 ሊትር ይደርሳል፤ ሊያልፍም ይችላል። ያውም በአፍሽ ነው፤ የአፍንጫሽን ወንፊት ዘለልሽው ማለት ነው። ስለዚህ በቆሻሻው ሰዓት ግማሽ ሰዓት መሮጥና ግማሽ ሰዓት ቆሞ አውቶቡስ መጠበቅ አንድ አይደለም። ቢሮ ተቀምጠሽ በ60 ትተነፍሻለሽ፣ እየሮጥሽ በ140። ግልብጥ ነው የያዝሽው።

ልተወው ወይ ላልሽው፣ የለም! እ.ኤ.አ. በ2016 በካምብሪጅ ተመራማሪዎች የተመራ አንድ ስሌት ወጥቶ ነበር። በእግርና በብስክሌት የሚሄዱ ሰዎችን ጥቅምና ጉዳት ነው የመዘነው። ፒኤም 2.5 በዓመት በአማካይ 22 ማይክሮ ግራም በሆነበት ከተማ፣ የእንቅስቃሴው ጥቅም ከአየሩ ጉዳት በብዙ ይበልጣል። 100 ማይክሮ ግራም በሆነበት እንኳ ብስክሌት ጉዳቱ ጥቅሙን የሚያልፈው በየቀኑ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሲነዱ ነው። ይህ የጤነኛውን ሕዝብ አማካይ የሚያይ ስሌት ነው፤ ለእናትሽ አላደርገውም። አንቺ ግን መሮጥሽን አታቁሚ። ሰዓቱን ነው የምትቀይሪው።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ፦ ሐሳቡ ግማሹ ልክ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ ገመድ የሚዘለል ከሆነ ያው የውጭው አየር ነው። መስኮትና በር ተዘግቶ፣ ኩሽና ውስጥም የሚጤስ ነገር ከሌለ ግን ብናኙ ይቀንሳል። ማጣሪያ ካላችሁ በደንብ ይቀንሳል። ቀይ በሚሆንባቸው ቀናት እኔም እቤት ነው የምሠራው። በየቀኑ ግን አይሆንም። ሰው የሚሰለቸውን ስፖርት ይተወዋል፤ ገመድ ዝላይ ደግሞ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እንዴት እንደሚያስጠላ እኔ ነኝ የማውቀው።

የሁለታችሁ ስልክ ለምን ይለያያል? ብዙ አገር የራሱ መለኪያ አለው። የአሜሪካው ከ0 እስከ 500 ነው፤ የብሪታንያው ከ1 እስከ 10። ሕንድም እስከ 500 የሚቆጥር አላት፤ ደረጃዎቹን የምትከፍልበት መጠን ግን ሌላ ነው። ስለዚህ አንዱ አየር ሁለት ቁጥር ያወጣል። አንዱ አፕ የአሁኑን ሰዓት ሲያሳይ ሌላው የ24 ሰዓት አማካይ ያሳይ ይሆናል። አማካይ ለአንቺ አይጠቅምሽም። በየሰዓቱ የሚያሳየውን ምረጪ። ከተቻለም ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን የማይክሮ ግራም መጠን ክፈቺና እሱን እዪ። ሁለቱ ስልኮች እዚያ ላይ ሊታረቁ ይችላሉ።

አሁን አንድ ነገር ልጨምርና ነገሩን ላወሳስብብሽ። ጠላታችን አንድ አይደለም። ኦዞን የሚባል አለ። ብናኙ የሌሊት ዘበኛ ከሆነ ኦዞን የቀን ሠራተኛ ነው። ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። ከመኪናና ከፋብሪካ የወጡ ጋዞች በፀሐይ ሲበስሉ ነው የሚፈጠረው። ስለዚህ በሞቃት፣ ፀሐያማና ነፋስ በሌለው ወቅት ከቀኑ 7 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ይላል። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዓይን ምንም ሳያይ፣ ደረት ይቆረቁራል። ከመንገድ መራቅም ብዙ አይፈታውም። ያን ጊዜ የእናትሽ ምክር ትክክል ይሆናል፤ ጠዋት ይሻላል። ከኦዞን መሸሸጊያው ደግሞ ቤት ነው፤ ውስጥ ገብቶ ከግድግዳና ከዕቃ ጋር ሲነካካ ይቀንሳል።

ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አትዪ። አፑን ነካ ስታደርጊው ዋናው በካይ የትኛው እንደሆነ ይነግርሻል። ፒኤም 2.5 ካለ ፀሐይዋን ጠብቂ፤ ኦዞን ካለ ፀሐይዋን ቅደሚያት። እንዳወራሽኝ ከሆነ የአንቺው የመጀመሪያው ዓይነት ይመስላል። ወቅት ሲቀየር ግን እንደገና እዪ። እኔ መለኪያዬን ከሰቀልኩ በኋላ አንድ ወር ሙሉ በደብተር ጻፍኩ። ከሌሊቱ 11፣ ከጠዋቱ 4፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። ባለቤቴ "የባንክ ሒሳብ መሰለህ እንዴ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከ30ው ቀን በ26ቱ ከፍተኛው ቁጥር የ11 ሰዓቱ ሆነ። የቀሩት አራቱ ነፋስ ሲነፍስ ያደረባቸው ሌሊቶች ነበሩ። አንቺ ወር ሙሉ አትጻፊ፤ አሥር ቀን ይበቃሻል። የሰፈርሽን ጠባይ ታውቂዋለሽ።

ማታስ ላልሽው፣ ከቀኑ 10 እና 11 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ክዳኑ ገና ክፍት ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን የመኪናው ግርግርና የክዳኑ መዘጋት ይገጣጠማሉ። ሥራሽን መተው አትችዪም። ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ሁለቱን ጠንካራ ሩጫ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አደርጋቸዋለሁ። ከሥራ ቀናት በአንዱ በምሳ ሰዓት 25 ደቂቃ ሶምሶማ። ሌላውን ቀን ንጋት ላይ ከሆነ የማይቀረው፣ ሩጫውን ትቼ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ እራመዳለሁ፤ ከዋናው መንገድ የራቀ መንገድ ይዤ።

መንገዱ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ለንደን ውስጥ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 119 ሰዎች ለሁለት ሰዓት አራምደው ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስና ታክሲ በሚርመሰመስበት በኦክስፎርድ ጎዳና፣ ሌላ ቀን በሃይድ ፓርክ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ወጣ። ጤነኞቹ ፓርክ ውስጥ ሲራመዱ የሳንባቸው አቅም ጨመረ፣ የደም ሥራቸውም ላላ። በጎዳናው ዳር ሲራመዱ ያ ጥቅም በአብዛኛው ጠፋ። ሁለቱ ቦታዎች የሚራራቁት በእግር ደቂቃዎች ነው።

እናትሽን በተመለከተ ጠበቅ እላለሁ። ብርቱካናማው ቀለም የተሠራው ለእሳቸው ነው። ከ101 እስከ 150 ማለት አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ አረጋውያንና ልጆች ይጠንቀቁ ማለት ነው። አንቺ የምትችዪውን እሳቸው አይችሉም። ቅዳሜና እሁድ ከ4 ሰዓት በፊት አብረውሽ አይውጡ። ፓፋቸው ኪሳቸው ውስጥ ይሁን፣ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ሲራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታቸው፣ ደረታቸው ካፏጨ ወይም ሳል ካላቆመ እዚያው ይቁሙ። ከስፖርት በፊት ፓፉን መውሰድ አለባቸው ወይ የሚለውን የሚወስነው ሐኪማቸው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። "የጠዋት አየር መድኃኒት ነው" ካሉሽ አትከራከሪያቸው። "4 ሰዓትም እኮ ጠዋት ነው" በያቸው።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ 29 ዓመቴ ነው። ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው። ፕሮግራሜ ቀን መዝለል አይፈቅድም። አየሩ መጥፎ ሲሆን ማስክ አድርጌ ብሮጥስ? ፕሮፌሽናሎቹ እኮ አየር አይመርጡም።

አይመርጡም ያለህ ማነው? ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክን ማራቶን አልሮጥም ያለው በአየሩ ምክንያት ነው። አስም አለበት። 10,000 ሜትሩን ብቻ ሮጦ ስድስተኛ ወጣ። በቀጣዩ ወር በርሊን ላይ ማራቶን ሮጦ 2:03:59 ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ፍርሃት ነው የሚሉ ነበሩ። እኔ የሳንባውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው አድርጌ ነው የማየው። በነገራችን ላይ ቤጂንግ ለጨዋታዎቹ መኪናዎቿን በጎዶሎና በሙሉ ቁጥር ታርጋ አፈራርቃ ከመንገድ አስወጥታ፣ ፋብሪካዎችን ዘግታ ነበር። የማራቶኑ ቀን ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2:06:32 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀኑ ከተፈራው ተሽሎ ነበር። ኃይሌ በወሰነበት በመጋቢት ግን ይህን ማን ያውቃል?

ማስኩን በተመለከተ፣ የጨርቅና የቀዶ ጥገና ማስክ ደቃቁን ብናኝ በደንብ አይዙትም። ኤን95 ይይዛል፤ ፊት ላይ ግጥም ካለ። ግን ስትሮጥ በላብ ይርሳል፣ ትንፋሽ ያከብዳል፣ ከጎን ይከፈታል። ኦዞንን ጭራሽ አያቆምም። ማስክ የሚያስፈልግህ ቀን ከሆነ ፍጥነት የምትሠራበት ቀን አይደለም። ፕሮግራሙን ቀይረው። የማክሰኞውን ኢንተርቫል (በመሃል እያረፉ በፍጥነት መሮጥ) ወደ ሐሙስ ብትወስደው፣ ማክሰኞ እቤት ጥንካሬ ብትሠራ፣ የውድድሩ ቀን ማንም አያውቅብህም።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ አሰልጣኝ ሆይ፣ የ63 ዓመት ጡረተኛ ነኝ፤ በየጠዋቱ እራመዳለሁ። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። "ዛሬስ አየሩ ታጠበ" ብዬ ስወጣ ጉም ነው፤ የጎረቤቴ መለኪያ ደግሞ ቀይ ያሳያል። ዝናብ አያጸዳም እንዴ?

በደንብ የዘነበ ዝናብ ያጸዳል። ካፊያ ግን እምብዛም ነው። እርስዎ ያጋጠምዎት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ርካሾቹ መለኪያዎች የሚሠሩት በብርሃን ነው። ብናኙ ላይ የሚነጥረውን ብርሃን ነው የሚለኩት። አየሩ በጣም እርጥብ ሲሆን ብናኙ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። የጉም ጠብታም ይገባበታል። መለኪያው ሁሉንም ብናኝ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። የኔዋም ጉም ባለ ቀን እንዲሁ ታጋንናለች። አካባቢዎ የመንግሥት ወይም የተቋም ትልቅ መለኪያ ካለ ከእሱ ጋር ያስተያዩት።

ግን አይቸኩሉ። ጉም ተኝቷል ማለት ነፋስ የለም ማለት ነው፤ ከላይ ያነሳሁት የሞቃት አየር ክዳንም ተዘግቶ ይሆናል። አንድ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። ጉሙ ተነስቶ ቁጥሩ ከወረደ ይውጡ። ጉሙ ተነስቶም ቁጥሩ ካልወረደ ግን የጎረቤትዎ መለኪያ አልዋሸም።